ጉዳዩ፦ ትንፋሽ

ጥቅምት 6 ቀን 2005፣ ከጠዋቱ 12፡40

240። ሦስት ጊዜ ነፋሁ፣ ትልቁን ያዝኩ። ሳል ከሌሊቱ 11 ጀምሮ። ደረቴ ውስጥ ፉጨት፣ በተለይ በግራ ጎኔ ስተኛ። መስኮት ዝግ፣ እንደ ሁልጊዜው።

አንተ መዝገብ፣ አትገረም። ለገቢ ደብዳቤ ተሠርተህ ትንፋሽ ሊመዘገብብህ ነው። ከመ/ቤት ነው ያመጣሁህ። ሦስት ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ባዶህን ተቀምጠሃል። የመንግሥት ንብረት ነህ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዓምዶችህ ግን ተመቹኝ። ቀን፣ ቁጥር፣ ከማን፣ ጉዳዩ። ቁጥሩ አለኝ። ከማን፦ ከእኔ ከእመቤት። ጉዳዩ፦ ትንፋሽ።

ያዘዘችኝ ዶክተሯ ናት። ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ አዋሰችኝ። ባለኝ ኃይል ስነፋበት ትንሽዬ ቀይ ምልክት ትሮጣለች፤ የቆመችበት ቁጥር የኔ ነው። ጠዋትና ማታ ንፊ፣ ጻፊ፣ ከጎኑም የት እንደነበርሽ ምን ስትሠሪ እንደዋልሽ ጻፊ አለች። አስም ያለበት ሰው ሁሉ የየራሱ ምልክት አለው፣ ያንቺን የምታገኚው አንቺ ነሽ አለች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆኔን አታውቅ። መጻፍማ እንጀራዬ ነው!

እርጉዝ ነኝ። አምስተኛ ወሬን ልጨርስ ነው። ይመዝገብ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወርዶብኛል፣ በሦስት ወሩ። ያኔ አደይ (የባሌ እናት ናቸው፣ አብረን ነው የምንኖረው) አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። ያ የምትስቢው ነገር ነው አሉ። ፓፉን፣ በአፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒቴን ማለታቸው ነው። ፓፍ ልብ ያደክማል፣ ሱስ ያሲዛል፣ ጽንስ ያቃጥላል ይላሉ። በሽታዬም በእርሳቸው ቤት አስም አይደለም። ቁሪ ነው። ብርድ። የደብረ ብርሃን ልጅ መቐለ ላይ ብርድ መታት! የመስኮቱን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ወትፈውታል።

ይሄኛውን እንዳረገዝኩ ሳውቅ ቡኒውን ፓፍ፣ በየቀኑ የሚወሰደውን፣ በገዛ እጄ አቆምኩ። ፈራሁ። ሰማያዊው ለክፉ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለክፉ ቀን፣ ለክፉ ቀን እያልኩ እርሱንም ከነካሁት ቆየሁ።

ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 9፡15፣ መ/ቤት

ጠዋት ስደርስ 290። አሁን 230።

ከመደርደሪያ ጀርባ ተደብቄ ስነፋ አያ ግርማይ ያዙኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው። ጥሩንባ መስሏቸው ሣቁ።

ዛሬ አሮጌ ፋይሎች ነው የምናወርደው። ገመዱ ሲፈታ አቧራው ቡን ይላል። ሳሌ ተነሣ። አያ ግርማይ አንጀታቸው አልችል ብሎ መጡና መስኮቱን ዘጉልኝ። ቀጥሎ በሩን። ብርድ እንዳይመታሽ ልጄ አሉ። ከአቧራው ጋር ተቆለፍን።

ቆይ እስቲ። ገጽህን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ቤት ስነሣ 240። በእግሬ ሓወልቲ ድረስ መጥቼ መ/ቤት ስደርስ 290። መዝገብ ቤት ውስጥ ውዬ 230። ማክሰኞ እንዲሁ። ረቡዕ እንዲሁ። ትናንትም።

ወይ ጉድ! ብርድ የተባለው እኮ ውጭ ነው ያለው። የሚሻለኝ ደግሞ ውጭ ስሆን ነው። ደረቴ ይሄን ስንት ዓመት ሙሉ ሲናገር ኖሯል፣ የሰማው የለም። አራት ቀን ቢጻፍለት ተናገረ። ሳቄ እየመጣ ነው የምጽፈው።

አያ ግርማይን ለመንኳቸው። መደርደሪያው የእርሳቸው፣ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ የኔ ይሁን። በሩም ክፍት። እሺ አሉ፣ አንገታቸውን በፎጣ ጠመጠሙና።

ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 8፡00

ከዶክተሯ መመለሴ ነው። ታክሲ እየጠበቅሁ ጉልበቴ ላይ አስደግፌህ ነው የምጽፈው፤ ሳልረሳው።

በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ዛፍ ሣለችልኝ፣ የተዘቀዘቀ። ግንዱ ጉሮሮዬ። ቅርንጫፉ ይከፈላል፣ ይከፈላል፣ ክር አክሎ፣ ከክርም ቀጥኖ። መጨረሻው ላይ ትንንሽ ከረጢቶች፣ ማን ቆጥሯቸው! ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክሜው ስዞር።

በአስም ጊዜ ቅርንጫፎቹ ከውስጥ ያብጣሉ፣ ዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይጨብጣቸዋል። እኔ ሁሌ አየር አልገባ አለኝ ነው የምለው። ለካስ አስቸጋሪው መውጫው ነው! የገባው አየር መውጣት ያቅተውና ይታሠራል፣ ለአዲሱ ቦታ ይጠባል። ፉጨቱም መውጫ የጠበበው አየር ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሳላዝዘው፣ ተኝቼም፣ ፋይል እየቆጠርኩም፣ አንድ ቀን ሳያርፍ። እኔ በዓመት ሃያ ቀን ፈቃድ አለኝ።

ልጁ ደግሞ ራሱ አይተነፍስም። ከኔ ደም ነው አየር የሚደርሰው። የኔን ትንፋሽ ነው የሚለብሰው። ስለ ወረደብኝ ጠየቅኋት። ለምን እንደወረደ አሁን ማንም ሊነግርሽ አይችልም፣ ብዙውን ጊዜ አይታወቅም አለች። በፓፉ አታመኻኚ፣ ለልጁ የሚያሠጋው የተዘጋ ደረት ነው አለች። አለቀስኩ። ሶፍት ሰጠችኝ፣ ቀጥሎ አፍንጫሽን ተናፍጠሽ ስትጨርሺ ንፊ ብላ ቱቦውን። 220።

ፓፉንም እንደ ሽቶ ነበር የምነፋው ለካ፤ ግማሹ ምላሴ ላይ ሲቀር። የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በስታ ፓፉን ሰካችበት። አንድ ጊዜ ተጫኚ፣ በጠርሙሱ ረጋ ብለሽ ሳቢ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። ቡኒውን ጠዋትና ማታ፣ ሻል ቢልሽም። ከዚያ አፍሽን ተጉመጥመጪ። ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መጠንቀቅ። ዝርዝሩ፦ አቧራ፣ ጭስ፣ ሽቶ፣ ጉንፋን፣ ያረጀ ፍራሽ። ጻፍኩ።

ቡኒውን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ለአደይ አልናገርም። ፈሪ በለኝ።

ኅዳር 2፣ እሑድ፣ ከቀኑ 6፡00

340!

እሰይ! ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ተንፍሼ አላውቅም። ደረጃ ስወጣ ማውራት ቻልኩ። ሃፍቶም (ባሌ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሃ. ብቻ፣ መንገድ ቅየሳ ሑመራ ወርዶ በየሁለት ሳምንቱ ለሚመጣ ሰው ይበቃዋል) ምን በልተሽ ነው አለኝ። ነገርኩት። ለናቴ እንዳትነግሪ አለኝ። አየህ፣ እርሱም ፈሪ ነው።

ፓፎቹና ጠርሙሱ «ልዩ ልዩ» የሚል ፋይል ውስጥ ናቸው፣ ቁም ሳጥን ላይ። ልዩ ልዩ የሚል ፋይል ማንም አይከፍትም። ይሄን ከሥራ ነው የተማርኩት።

አሁን ሌላ ነገር። ጠዋት ከአደይ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ዳገቱ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጥቂት ሄደን ደግመው ቆሙ፣ ነጠላ። ሦስተኛ። ያ ነጠላ ምን ሆኖ ነው የማይስተካከለው? ስንት ዓመት አብሬያቸው ስወጣ ልብ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ግን ጠጋ አልኩ፣ ልደግፋቸው ይመስል። ፉጨት። በቀጭኑ። የኔው ፉጨት።

ጎህ ሲቀድ ሳላቸው፦ የጾም ነው ይላሉ። ባልጾሙ ጊዜም አለ። ሦስት ትራስ ደርበው፣ ቁጭ ብለው ማለት ይቻላል፣ ይተኛሉ፦ ልማድ ነው። ሲሥቁ ሳቁ ወደ ሳል ይዞራል፦ እርጅና ነው።

አምላኬ። የኔን ዝርዝር ነው ከእርሳቸው ላይ የማነበው። እንዴት እነግራቸዋለሁ? ምን ብዬ? በየትኛው አፌ?

ኅዳር 12፣ ከቀኑ 10፡30

እጄ ጭስ ጭስ ይላል። ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

እንደሆነው ልጻፈው። ዛሬ ሚካኤል ነው። በኛ አገር ኅዳር ሲታጠን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ በሽታ ይወጣል ይባላል። እዚህ እምብዛም ነው፤ አደይ በየዓመቱ ይሥቁብኛል፣ መጣችልን አጫሿ እያሉ። እኔ ግን ትቼው አላውቅም። ዘንድሮ እንዲያውም ባሰብኝ። ይሄ በሽታ ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ ማለዳ ተነሥቼ ግቢውን ጠረግሁ፣ ቅጠሉን፣ አሮጌውን ካርቶን፣ የበሰበሰውን ኬሻ ከመርኩ፣ ለኮስኩ። ኬሻው እርጥብ ነበር። ጭሱ ግቢውን ሞላው።

«ጭስ» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌብሃለሁ። ጥቅምት 14። ሁለተኛው ቃል ነው። ይሄኛው ጭስ ግን ጭስ መሆኑ ትዝ አላለኝም። የእናቴ ነው፣ የሰፈራችን ነው፣ መድኃኒት ነው ብዬ። አያት ቅድመ አያቴ ያላሉትን እኔ በምን ልጠርጥረው?

አደይ ከቅዳሴ የገቡት በዚህ መሃል ነው። ዳገቱን ወጥተው፣ ጾማቸውን፣ በር ከፍተው ጭሱ ውስጥ። ሊሥቁብኝ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አልቆም አለ። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው። ጓ... ለይ... አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ያቺን አንድ ቃል ለሁለት ቆርጠው ነው ያወጧት። የአንገታቸው ሥር በሳቡ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ትከሻቸው እየተነሣ ይወርዳል። ከንፈራቸው አመድ መሰለ።

ከውስጥ ሆኜ መቶ ጊዜ አውቀዋለሁ። ከውጭ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። እንዲህ ነው የምንመስለው?

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፣ ከነሆዴ። ደግፌ ወደ ደጅ፣ ከጭሱ ወዲያ አወጣኋቸው። ቁም ሳጥን፣ ልዩ ልዩ፣ ጠርሙስ፣ ሰማያዊው። አፋቸው ላይ ሳደርገው ዐይናቸው ፓፉን አየና እኔን አየኝ። ገባቸው። ያንን አስተያየት አልረሳውም። እጄን ሊገፉ ፈለጉ፣ አቅም አጡ። አደይ ይሳቡ አልኩ፣ ጮኼ ነው፣ በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም። ሳቡ። ረጋ ብለው። ያዙ። ለቀቁ። ደገምኩ። ደገምኩ።

ከዚያ ጉድ አየሁ። አንገታቸው ሥር ያ ጉድጓድ እየሞላ መጣ። ትከሻቸው ወረደ። ፉጨቱ መጀመሪያ ጎላ፣ ቀጥሎ ቀጠነ። ያቺ የዶክተሯ ዛፍ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ስትከፈት በዐይኔ ያየኋት መሰለኝ። ተንበርክኬ ቀረሁ። ሚካኤልን ጠራሁ፣ ሰማያዊው ውስጥ ያለውን መድኃኒት፣ ሳልቡታሞልንም አመሰገንኩ፣ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ጭምብል አድርገው መድኃኒቱን በእንፋሎት ሰጧቸው። ተመለስን። አሁን ተኝተዋል፣ በሦስት ትራስ። እሳቱ ጠፍቷል።

የኔ ቁጥር 310 ነው። ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ ሁሉ ሩጫ፣ 310። ቡኒው ነው። ቡኒውን ባልጀምር ዛሬ ማን ማንን ያነሣ ነበር?

ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3፡00

አደይን ዶክተሯ ዘንድ ወሰድኳቸው። በግድ ማለት ይቀላል። ቁሪ ነው፣ ጭሱ ነው፣ አንቺ ነሽ እያሉ። እኔ መሆኔስ እውነት ነው።

ዶክተሯ በትግርኛ ብዙ አወራቻቸው፤ ግማሹን ያዝኩ። የአደይ እናት ቁጭ እንዳሉ ነው የሞቱት። በብርድ ተብሎ። እህታቸውም። እርሳቸውን ከሃ. መወለድ በፊት ጀምሮ ይዟቸዋል። ለማንም አልተናገሩም፣ ምን ይባላል፣ ብርድ ማንን ያልመታው አለ።

ከዚያ ቱቦውን ነፉ። ቀይዋ ምልክት ሄደች፣ ቆመች። 130።

ዶክተሯ አስደገመቻቸው። 130። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። በ240 እኔ ቀኑን ሙሉ ሳዝን፣ ፈቃድ ስጠይቅ፣ አልጋ ስይዝ። በ130 እርሳቸው ማለዳ ቅዳሴ፣ በ130 ገበያ፣ በ130 ሃ.ን አዝለው ውሃ ሲቀዱ፣ ባላቸው ሞቶ የዚህን ቤት ድንጋይ ከግንበኛ ጋር ሲያቀብሉ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ! እኔ ክፉ አማት አድርጌ ስመዘግባቸው የኖርኳቸው ሴት። ትክ ብዬ አየኋቸው፤ ምን ታፈጫለሽ አሉኝ።

ይቅርታ አልተባባልንም። የወረደውን ልጅም ማንም አላነሣም። ማታ ራት ሲቀርብ ግን አደይ ተነሡ፣ ቁም ሳጥን ላይ ተንጠራርተው «ልዩ ልዩ»ን አወረዱ፣ ቡኒውን አወጡና ከሳህኔ አጠገብ፣ ከጨው ዕቃው ጎን አስቀመጡት። ከዚያ ብዪ አሉኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ከጠዋቱ 1፡00

እኔ 360። አደይ 190።

መዝገብ፣ ዓምድህን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። «ከማን» አሁን ጥቅም አገኘ። አደይ ቁጥር አያነቡም፤ ቀይዋ የቆመችበትን በጥፍራቸው ይዘው ያመጡልኛል፣ እንዳትንቀሳቀስ በእግራቸው ጫፍ እየተራመዱ። ትናንት ከኔ በለጥኩ ብለው ማሉ። ጥፍራቸው ተንሸራቶ ነው።

ተጉመጥመጡ ስላቸው ጾም ላይ ውሃ አልቀምስም አሉ። ይተፋል እንጂ አይዋጥም ብዬ ተከራከርኩ። ቄሱን ጠይቀው መጡ። ተፈቀደ።

ከጥጥ ፍራሹ ጋር ተለያየን። መስኮቱ ላይ ግን እንዳትነኪኝ አሉ። ፓፍ እሺ፣ ፍራሽ እሺ፣ መስኮት አይሆንም። አራስ ልጅ የሚገባበት ቤት በነፋስ ሊመታ ነው? ጨርቁን እንዲያውም ጨመሩበት። ተውኳቸው። አንድ ነገር ይቅርላቸው።

ትናንት ሐኪም ቤት የልጁን ልብ አሰሙኝ። ጡጥ ጡጥ ጡጥ፣ ሩጫ። አደይም አዳመጡ። ማን እያሯሯጠው ነው አሉ። ዐይናቸው እንባ ሞላ፣ የኔም።

ጥር 10፣ ከተራ፣ ከቀኑ 11፡40

ታቦት ሸኝተን መመለሳችን ነው። እግሬ አብጧል፣ አጭር ነው የምጽፈው።

አደይ ዳገቱ ላይ አልቆሙም። አንድም ጊዜ። ነጠላቸው እንደ ተንሻፈፈ ነው የወጡት።

ደግሞ ታቦቱ ሲያልፍ እልልታ። ከጎኔ ተነሥቶ፣ ረጅም፣ ሳይቆረጥ፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያይ። ማን ናት ብዬ ስዞር አደይ ናቸው! ሃ. ክው አለ። ሰውዬው ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የእናቱን እልልታ ሰምቶ አያውቅም። በሠርጋችን ቀን እንኳ። ያኔ ደስ አላላቸውም ብዬ ቂም ይዤ ነበር። ለካ ትንፋሹ አልነበራቸውም።

የአደይን ቁጥር ልጻፍ። 230።

የካቲት 4፣ ከጠዋቱ 12፡20

እኔ 350፣ በቆምኩበት። አደይ 240። የኔ የድሮው ቁጥር!

ምጥ ከሌሊቱ 10 ጀምሮ። በየ15 ደቂቃ ነበር፣ አሁን በየ8። ጉዳዩ፦ ትንፋሽ ሳይሆን ምጥ። ዓምዱ ይበቃል። ፓፎቹ ቦርሳ ውስጥ፣ ሁለቱም። ጠርሙሱ። ነጠላ። ሃ. ባጃጅ ሊያመጣ ወጥቷል። ሁለቱን እግር የተለያየ ጫማ አድርጎ።

12፡28። መጣ። ሄደ። ደረቴ ዝም ነው፣ ፉጨት የለም። ሆዴ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባንድ በኩል ብቻ ነው የማምጠው።

12፡35። ላብ አጠመቀኝ። ክፍሉ ታፈነ። አፍ አውጥቼ አላልኩም፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አደይ ትክ ብለው አዩኝ፤ ያኔ እኔ እንዳየኋቸው፣ የአንገቴን ሥር። ተነሡ። መስኮቱ ጋ ሄዱ። ጨርቁን ከስንጥቁ እየመዘዙ ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ አሮጌ ካልሲ፣ ሦስት፣ የሃ. የልጅነት ሹራብ እጅጌ፣ ወይ አደይ! መወርወሪያው ዝጓል። በክርናቸው መቱት። ተከፈተ።

ነፋሱ ገባ። ተንፍሺ ጓለይ አሉኝ። ገጽህ እየተገለበጠ አላስጽፍ አለኝ፣ በክንዴ ይዤህ ነው፣ ብርዱ ደስ ሲል፣ ባጃጁ ደጅ ቆሟል፣ አደይ እጄን ይዘዋል፣ 12፡41፣ ይኸው ሌላ